ምክትሉ የሚመረጠው ለምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ እጁን አውጥቶ “መምህር፣ ምክትል ግን ምን ይሠራል?” ብሎ ጠየቀኝ። ስለ ክልል መንግሥት አወቃቀር እያስተማርኩ ነበር። ርዕሰ መስተዳድር፣ ምክትል ርዕሰ መስተዳድር፣ አፈ ጉባኤ እያልኩ ሰሌዳው ላይ ጽፌያለሁ። የተለመደውን መልስ ሰጠሁት፤ “ዋናው በሌለ ጊዜ ተክቶ ይሠራል” አልኩት። ልጁ አልረካም።

“ዋናው ካለስ?” አለኝ።

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ግን ልጁ ሳያውቀው ቁስሌን ነበር የነካው። እኔ ራሴ ሁለት ዓመት ሙሉ ምክትል ነበርኩ፤ “ዋናው ካለስ?” ለሚለው ጥያቄ መልሱን ሳላገኝ ነው የጨረስኩት። ስለዚህ የዛሬው ጽሑፍ ስለ ምክትሎች ነው። ከራሴ ጀምሬ ወደ ክልላችን፣ ከዚያም ወደ ጎረቤትና ወደ ሩቅ ሀገር እወስዳችኋለሁ። ረዘም ይላል፤ ቡና አስቀርባችሁ አንብቡት።

ለማታውቁኝ፣ የምጽፈው ከአቦቦ ነው። ከጋምቤላ ከተማ ወደ ደቡብ አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የአልዌሮ ግድብ ያለበት ወረዳ ማለት ነው። ወላጆቼ በ1977ቱ ድርቅ ማግስት በሰፈራ ከወሎ የመጡ ናቸው። እኔ የተወለድኩት እዚሁ፣ ያኔ በቁጥር ይጠሩ ከነበሩት የሰፈራ መንደሮች በአንዱ ነው። እንደ እኔ ያለውን ሰው እዚህ “ደገኛ” ይሉታል። በዚህ ሁሉ ሙቀት ተወልጄ፣ አድጌ፣ የደጋን ብርድ በወጉ ሳላውቀው ደገኛ ነኝ።

ወደ ምክትልነቴ ልመለስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚህ አካባቢ ያለ አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የአመራር ምርጫ አደረገ። ስሙን አልጠራም። እኔ አባል የሆንኩት ከማስተማሩ ጎን ከወላጆቼ የወረስኩትን ማሳ ስለማርስ ነው። ስብሰባው የተደረገው ማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር ነበር። አጀንዳው ሳይከፈት ሽማግሌዎቹ ተነጋግረው ጨርሰዋል። ሊቀመንበሩ ከአኙዋ፣ ምክትሉ ከደገኛ፣ ጸሐፊው ከአኙዋ፣ ገንዘብ ያዡ ከደገኛ። ሊቀመንበር የሚሆነው ሰው ታወቀ። ለምክትልነት ሰው ሲፈለግ አንድ አዛውንት ወደ እኔ ዞረው፣ “መምህሩ አለ አይደል? ከሁሉም ጋር ይግባባል። አይጣላም” አሉ። እጅ ወጣ፣ ተጨበጨበ፣ አለቀ።

“አይጣላም።” የተመረጥኩበት መስፈርት ይህ ነው። ስለ ወፍጮው፣ ስለ ምርጥ ዘሩ፣ ስለ ሒሳቡ አንድ ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እውነቱን ለመናገር ያን ዕለት ደስ ብሎኝ ነበር። ሰው ሲያከብርህ ደስ ይልሃል።

ሁለት ዓመት ከሊቀመንበሩ ቀጥዬ ተቀመጥኩ። እንግዳ ሲመጣ ፎቶ ተነሳሁ። ጎብኚ ባለሥልጣን ሲመጣ “እዚህ ማኅበር ውስጥ ሁሉም ወገን አለ” ሲባል ወደ እኔ ይጠቆማል። ማኅተሙን ግን ነክቼው አላውቅም። ባንክ ላይም ፊርማዬ የለም።

በሁለተኛው ዓመት፣ ዝናቡ መጣል ሲጀምር፣ ሊቀመንበሩ ታመመና ለሕክምና ወደ ጅማ ሄደ። ምርጥ ዘር ለማውጣት ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ደብዳቤው ደግሞ ያለ ማኅተም ወረቀት ብቻ ነው። መተዳደሪያ ደንባችን “ሊቀመንበሩ በሌለ ጊዜ ምክትሉ ተክቶ ይሠራል” ይላል። ማኅተሙ ግን ሊቀመንበሩ ቤት ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ቁልፉ ከባለቤቱ ጋር ጅማ ሄዷል። ስልክ ስደውል አይነሳም፤ ሰውየው ቀዶ ሕክምና ላይ ነበር።

ደገኞቹ አባላት ቤቴ ድረስ መጡ። “አንተን እዚያ ያስቀመጥንህ ለምን ነበርና?” አሉኝ። አንድ ቀን እንደምንም ደፍሬ ሊቀመንበሩ ቤት ሄድኩና ወንድሙን ስለ ማኅተሙ ጠየቅኩት። በአክብሮት ነው የጠየቅኩት፤ ያቀረበልኝን ውኃ ጠጥቼ፣ ስለ ታማሚው ጠይቄ፣ በመጨረሻ ነው ያነሳሁት። ማታውን በሰፈሩ የተወራው ግን “ደገኛው ማኅተሙን ሊወስድ መጣ” የሚል ነበር።

ከዚያ በኋላ አፌን ያዝኩ። ዘሩ ዘግይቶ መጣ። ዘግይቶ የተዘራው በቆሎ ፍሬ ሊይዝ ሲል ዝናቡ ጥሎት ሄደ። የአኙዋውም የደገኛውም ማሳ እኩል ተጎዳ። ድርቀቱ ሚዛናችንን አልጠየቀም።

ያን ዓመት አንድ ነገር ገባኝ። ለሚዛን ብቻ የተቀመጠ ምክትል ዝም ካለ “ለምን ተቀመጠ?” ይባላል፤ ከተናገረ “ወንበሩን ፈለገ” ይባላል። መሐል ላይ የሚቆምበት መሬት የለውም።

አሁን ከማንጎው ጥላ ተነስተን ጋምቤላ ከተማ እንግባ።

በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ 307 ሺህ ያህል ነበር። ከዚህ ውስጥ ኑዌር 46 ከመቶ፣ አኙዋ 21 ከመቶ፣ መዠንግር 4 ከመቶ ገደማ ነበሩ። ኦፖና ኮሞ በቁጥር ትንሽ ናቸው። ከሩብ በላይ የሚሆነው ደግሞ እንደ እኔ ቤተሰብ ከሌላ አካባቢ የመጣው ሕዝብ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሀገር አቀፍ ቆጠራ ስላልተደረገ እስከ ዛሬ ክርክራችን ሁሉ በዚህ ቁጥር ዙሪያ ነው።

የክልሉ ሁለቱ ከፍተኛ ወንበሮች የሚከፋፈሉበት ስሌት ግን ቆጠራ አይጠብቅም። አቶ ጋትሉዋክ ቱት ርዕሰ መስተዳድር በነበሩ ጊዜ ምክትላቸው አቶ ሰናይ አኩዎር ነበሩ፤ ዋናው ከኑዌር፣ ምክትሉ ከአኙዋ። በ2011 መጀመሪያ ሁለቱም አንድ ላይ ለቀቁና አቶ ኡሞድ ኡጁሉ መጡ፣ ምክትላቸው አቶ ተንኳይ ጆክ ሆኑ፤ ዋናው ከአኙዋ፣ ምክትሉ ከኑዌር። በነሐሴ 2016 ወ/ሮ ዓለሚቱ ኡሞድ ሲሾሙ ምክትላቸው ጋትሉዋክ ሮን (ዶ/ር) ሆኑ፤ አሁንም ዋናዋ ከአኙዋ፣ ምክትሉ ከኑዌር። ሰው ይቀየራል፣ የፓርቲው ስም ይቀየራል፣ ስሌቱ ግን ባለበት ነው። በ2011ዱ ለውጥ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ዋናው ሲነሳ ምክትሉም አብሮ ነው የተነሳው። ዋናውን መተካት ለምክትሉ ያልተሰጠው፣ ምክትሉ ዋና ከሆነ ስሌቱ ስለሚፈርስ ነው ብዬ አምናለሁ። ጥንዱ የሚመጣው እንደ ጥንድ፣ የሚሄደውም እንደ ጥንድ ነው።

ይህ እንግዲህ ሌላው ዓለም በምርጫ ዘመቻ የሚያደርገው ነገር የእኛ ሀገር መልክ ነው። ልዩነቱ የሚታወቅበት ጊዜ ላይ ነው። በአሜሪካም በኬንያም ዕጩው ምክትሉን ከምርጫው በፊት ያሳያል፤ መራጩ ሁለቱን ስሞች አብሮ አይቶ ድምፁን ይሰጣል። እኛ የምንመርጠው የምክር ቤት አባል ነው። ምክር ቤቱ ርዕሰ መስተዳድሩን ይመርጣል፤ ምክትሉ ማን እንደሚሆን ግን ሕዝቡ የሚሰማው ሹመቱ በዜና ሲነበብ ነው። በሰኔ 2013ቱ ምርጫ ተሰልፌ ድምፄን ስሰጥ የምመርጠውን ፓርቲ አውቅ ነበር። ጥንዱን የሚመርጠው ግን እኔ አልነበርኩም።

ለመሆኑ ፖለቲከኞች ምክትል ሲመርጡ የሚያሰሉት ምንድን ነው? የታዘብኩትን በአራት ልክፈለው።

አንደኛው ያልያዝከውን ድምፅ መያዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 የሰሜን ምሥራቁ ሰው ጆን ኬኔዲ የቴክሳሱን ሊንደን ጆንሰን አብሮት እንዲወዳደር የመረጠው ደቡቡን ለመያዝ ነበር፤ ቴክሳስንም በጠባብ ልዩነት አሸነፈ። የኬንያው የ2022 ምርጫ ግን ከዚህም በላይ ያስተምራል። ዊልያም ሩቶ ሪጋቲ ጋቻጓን መረጠ፤ ተፎካካሪው ራይላ ኦዲንጋ ደግሞ ማርታ ካሩዋን። ሁለቱም ምክትሎች ከማውንት ኬንያ አካባቢ ናቸው። ምክንያቱም ከሁለቱ ዋና ዕጩዎች አንዱም የዚያ አካባቢ ሰው አልነበረም፤ የዚያ አካባቢ ድምፅ ደግሞ ብዙ ነው። ውድድሩ በከፊል “ማን የተሻለ ምክትል ከዚያ ሰፈር አመጣ?” የሚል ሆነ ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ተቀናቃኝን ቤት ውስጥ ማስገባት ነው። ውጪ ሆኖ ድንጋይ ከሚወረውር፣ ገብቶ አብሮ ይቀመጥ ዓይነት ነው። የዚህን ዋጋ እኛ አቦቦዎች ከመጽሐፍ አይደለም የምናውቀው። ደቡብ ሱዳን ጎረቤታችን ናት። ሳልቫ ኪር ፕሬዚዳንት፣ ሪክ ማቻር ምክትል ነበሩ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2013 ምክትሉ ተባረሩ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ጦርነት ፈነዳ። የዚያ ጦርነት ሰዎች ናቸው ጋምቤላን ከመላ ኢትዮጵያ በስደተኛ ብዛት ቀዳሚ ካደረጉት ክልሎች አንዱ ያደረጉት። በ2018ቱ የሰላም ስምምነት መፍትሔ ተብሎ የመጣው ምን ነበር? አምስት ምክትል ፕሬዚዳንት። ማቻር እንደገና አንደኛ ምክትል ሆኑ። በ2025 ደግሞ በቁም እስር ላይ ዋሉ፤ ክስም ተመሠረተባቸው። የምክትል ወንበር አንዱ ሲያጣላ አምስት በማድረግ አይታከምም።

ሦስተኛው ለወንበር የማያሰጋ ሰው መፈለግ ነው። “አይጣላም” ተብሎ የተመረጠ ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ ምሳሌ አያስፈልገውም። ነገር ግን ታሪክ በዚህ ስሌት ላይ ብዙ ጊዜ ቀልዷል። በደርግ ዘመን የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሊቀመንበሮቹ ጄኔራል አማን አንዶም፣ ቀጥሎም ጄኔራል ተፈሪ በንቲ ነበሩ፤ ምክትሉ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም። ጄኔራሎቹ ተገደሉ፣ ምክትሉ አሥራ አራት ዓመት ገዛ። ያው መንግሥቱ በግንቦት 1983 ከሀገር ሲወጡ ሥልጣኑን የተረከቡት ምክትላቸው ጄኔራል ተስፋዬ ገብረ ኪዳን በወንበሩ ላይ አንድ ሳምንት ያህል ብቻ ቆይተው ጣሊያን ኤምባሲ ገቡ። የአንዱ ምክትልነት መወጣጫ፣ የሌላው ምክትልነት የፈረሰ ቤት ርክክብ ሆነ።

አራተኛው አብሮ የሚሠራ ሰው መምረጥ ነው። ይህ በንግግር ሁልጊዜ አንደኛ ነው፤ በተግባር ግን ብዙውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የሚታሰበው።

የእኛ ሕገ መንግሥት ራሱ ለምክትል የሰጠው ቦታ ጠባብ ነው። የፌዴራሉን ብናይ በአንቀጽ 75 ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለይቶ የሚሰጠውን ሥራ ይሠራል፣ ሲጠፋ ይተካዋል፣ ተጠሪነቱም ለእሱ ነው። ተለይቶ ካልተሰጠውስ? “ዋናው ካለስ?” ያለኝ ተማሪዬ ሳያውቀው ያነሳው የሕገ መንግሥት ጥያቄ ነው። በ2004 ክረምት አቶ መለስ ዜናዊ ሲያርፉ ምክትላቸው አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ ተተኩ፤ ያን ጊዜ ብዙ ሰው የምክትል ወንበር ባዶ ፎቶ እንዳልሆነ ተረዳ። ወንበሩ ለዓመታት ሥራ ፈት ሊመስል ይችላል፤ በአንድ ሌሊት ግን የሀገር ዋና ወንበር ይሆናል። ስለዚህ “ለሚዛን ነው” ብሎ ማንንም ማስቀመጥ በሕዝብ ላይ ዕጣ መጣል ነው።

እስካሁን ያልኩት በማንም ሀገር ላለ አንባቢ ይሆናል። አሁን የምለው ግን ለመጻፍ የከበደኝ ነው።

ታኅሣሥ 3 ቀን 1996 የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የስደተኞች ጉዳይ ሠራተኞች በመንገድ ላይ በታጣቂዎች መገደላቸውን ተከትሎ ጋምቤላ ከተማ ውስጥ አኙዋዎች ተጨፈጨፉ። በቀናት ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተገደሉ። በግድያው የመከላከያ ሠራዊት አባላትም፣ ከደገኛው የሆኑ ሰዎችም እንደነበሩበት የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች መዝግበውታል። እዚህ የክፍላችን ወንበሮች በአንድ ሳምንት ውስጥ ሳሱ። ብዙ ቤተሰብ ድንበር ተሻግሮ ወደ ፖቻላ ሄደ። ከአጠገቤ ይቀመጥ የነበረ ልጅም ከእናቱ ጋር ሄደ።

ያን ጊዜ የክልሉ ርዕሰ መስተዳድር ማን ነበሩ? አቶ ኡኬሎ አኳይ። አኙዋ። የመጀመሪያው ወንበር “የእኛ” በሆነበት ዓመት ነው የአኙዋ ደም በጋምቤላ መንገድ ላይ የፈሰሰው። እሳቸውም ብዙ ሳይቆዩ ከሀገር ተሰደዱ። ስለዚህ አንድ ሰው “ዋናው ወንበር ለእኛ ከተሰጠ እንጠበቃለን” ሲለኝ ያቺ ባዶ ወንበር ትታየኛለች። ወንበሩ የማን ነው የሚለው ጥያቄ አስፈላጊ አይደለም አልልም። ግን ወንበሩ ምን ማዘዝ ይችላል የሚለው ካልተመለሰ የመጀመሪያው መልስ አያድንም።

ያ ከአጠገቤ የጠፋው ልጅ ከስድስት ዓመት በኋላ ተመለሰ። ዛሬ ባለ ትዳርና የልጆች አባት ነው። ከላይ ያወራሁላችሁ፣ ታሞ ጅማ የሄደው ሊቀመንበርም እሱ ነው። አሁን “ደገኛው ማኅተሙን ሊወስድ መጣ” የሚለው ወሬ ለእሱ ቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል። እኔ የጠየቅኩት ስለ በቆሎ ዘር ነው። እነሱ ግን በሩን የሚያንኳኳ ደገኛ ካዩ ያ ዓመት ነው የሚታወሳቸው። ያን ጊዜ ተናድጄ ነበር። ዛሬ አልናደድም።

ከዚህ ተነስቼ ሚዛኑ ይቅር ልል ነው ብላችሁ ከጠበቃችሁ ተሳስታችኋል። አንድ ሕዝብ ጭራሽ በሌለበት ክፍል ውስጥ የሚወሰን ውሳኔ ምን እንደሚመስል በዚህ ክልል አይተነዋል። አባቴ “ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል” ይል ነበር። አኙዋና ኑዌር በሁለቱ ወንበሮች ላይ መሆናቸው ቢያንስ አንዱ ሌላውን ሳይሰማ እንዳይወስን ያደርጋል። በክልላችን ግጭት በተነሳባቸው ዓመታት ሁለቱ መሪዎች አብረው ታይተው ሕዝብ ማረጋጋት መቻላቸው ትንሽ ነገር አይደለም። ሰኔ 7 ቀን 2014 ታጣቂዎች ጋምቤላ ከተማ ገብተው ተኩስ የተከፈተ ዕለት የፈራ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ያሰበው “የእኛ ሰው የት ነው?” ብሎ ነው። ይህን ስሜት በስብከት ማጥፋት አይቻልም።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። ባላው ከተተከለ በኋላ ምንም እንዳይሸከም መደረጉ ነው። ባላ የሚተከለው ጣሪያ እንዲይዝ ነው፤ ጣሪያውን አንዱ ብቻ ከያዘው ሁለተኛው ጌጥ ነው። የኬንያውን መጨረሻ ተመልከቱ። ጋቻጓ በጥቅምት 2024 በፓርላማ ከሥልጣን ሲነሳ የተተካው ኪቱሬ ኪንዲኪ ነው፤ እሱም ከማውንት ኬንያ አካባቢ። ስሌቱ ተጠበቀ፣ ሰውየው ተጣለ። ለዚያ አካባቢ ገበሬ በሻዩና በቡናው ዋጋ ላይ ምን ተለወጠ? ይህን የጠየቀ ሰው “ወንበሩ እኮ አሁንም የእናንተ ነው” የሚል መልስ ነው የሚጠብቀው።

ሌላም ነገር አለ። የሁለት ሰው ሚዛን ሦስተኛውን ሰው አያይም። መዠንግር የት ነው? ኦፖና ኮሞስ? እዚህ ሦስተኛ ትውልድ የደረሰው ደገኛስ? ሕገ መንግሥቱ የሚያውቃቸው ብሔረሰቦች አምስት ናቸው፤ ከፍተኛው ጥንድ ግን ሁልጊዜ በሁለት ያልቃል። ለደገኛው የምጠይቀው የክልሉን ምክትልነት አይደለም፤ ይህን ስል ወገኖቼ እንደሚቆጡኝ አውቃለሁ። በ1996 ከሆነው በኋላ ያንን ወንበር ለመጠየቅ የሚያስችል አንደበት የለንም ብዬ አምናለሁ። የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው፤ ልጆቻችን የሚኖሩበት ቀበሌ ውስጥ መንገዱ፣ ዘሩ፣ ጤና ጣቢያው ሲወሰን እንድንሰማ። ይህ ለኦፖውም ለኮሞውም እኩል ይሠራል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? እኔ የገጠር መምህር ነኝ፤ ሕግ አርቃቂ አይደለሁም። ከማንጎው ዛፍ ሥር የተማርኩትን ግን ልናገር።

አንደኛ፣ ጥንዱ ከምርጫ በፊት ይታወቅ። በክልላችን የሚወዳደሩ ፓርቲዎች ሁሉ “ካሸነፍን ርዕሰ መስተዳድር የምናደርገው እገሌን፣ ምክትሉ እገሊትን ነው” ብለው ለሕዝብ ይናገሩ። ይህን የሚከለክል ሕግ የለም። ያን ጊዜ ምክትሉም ኢታንግም አቦቦም ጎደሬም መጥቶ ይጠየቃል። የአኙዋው ዕጩ ኑዌር ዞን፣ የኑዌሩ ዕጩ አኙዋ ዞን ሄዶ ድምፅ መለመን ይኖርበታል። የጥንድ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ አብረው ሲለምኑ የአንዱ ስም በሌላው ሰፈር ይለመዳል።

ሁለተኛ፣ ለምክትሉ የሚጠየቅበት ሥራ በጽሑፍ ይሰጠው። ለምሳሌ መስኖ። የአልዌሮ ግድብ ከደርግ ዘመን ጀምሮ እዚህ ቆሟል፤ በዙሪያው ያለው አነስተኛ ገበሬ ግን አሁንም ሰማይ ሰማይ ያያል። ምክትሉ ይህን ሥራ ከነበጀቱ ይያዘውና በዓመቱ መጨረሻ ምክር ቤት ቀርቦ ይጠየቅበት። ያን ጊዜ ተማሪዬ “ዋናው ካለስ?” ሲለኝ መልስ ይኖረኛል።

ሦስተኛ፣ ምክትሉ ሲተካ እንዴት እንደሚተካ ሳይታመም በፊት ይታወቅ። ቁልፉ ጅማ ከሄደ በኋላ ደንብ ማንበብ ዘር አያወጣም።

ልጨርስ። ባለፈው ዓመት ማኅበራችን እንደገና ምርጫ ነበረው። ሊቀመንበሩ ድኖ ተመልሷል። ከስብሰባው በፊት ባለው ምሽት ቤቴ መጣ። ቡና ጠጣን። ብዙ ደቂቃ ስለ ልጆቹ ትምህርት አወራን። ከዚያ “ያኔ ማኅተሙን ስትጠይቅ ቤት ውስጥ ሰው ደነገጠ። አንተን አይደለም የፈሩት” አለኝ። “አውቃለሁ” አልኩት። ስለ 1996 ከዚህ በላይ አልተነጋገርንም። በሃያ ዓመት ውስጥ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ ያህል ተጠጋነው።

በማግስቱ አዛውንቱ እንደገና “መምህሩ ይቀጥል፣ አይጣላም” ሲሉ ተነስቼ፣ “አባባ፣ እቀጥላለሁ፤ ግን ሥራ ይሰጠኝ” አልኩ። ሦስት ነገር ጠየቅኩ። የዘርና የማዳበሪያ ሥራ በስሜ እንዲመዘገብ፣ ባንክ ላይ ፊርማዬ ከሊቀመንበሩ ጋር እንዲገባ፣ የማኅተሙ ሳጥን ሁለት ቁልፍ እንዲኖረው። ጉርምርምታ ተነሳ። ደግፎ የተናገረው መጀመሪያ ሊቀመንበሩ ነበር። “እኔ ብሞትስ ኖሮ?” አለ። ሁሉም ዝም አለ፤ ከዚያ እጅ ወጣ።

ዘንድሮ ዘሩ በጊዜው መጣ። ሁለተኛው ቁልፍ እኔ ጋ አለ። እስካሁን አንድም ቀን አልተጠቀምኩበትም፤ ግን እንዳለኝ ሁሉም ያውቃል።

ለተማሪዬም በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ መለስኩለት። “ምክትል ምን እንደሚሠራ የሚታወቀው ከመመረጡ በፊት ከተጠየቀ ብቻ ነው” አልኩት። ደብተሩ ላይ ጻፈው። ፈተና ላይ ይመጣል ብሎ ይሆናል።

የእናንተ አካባቢ ምክትል ማን ነው? ምን እንዲሠራስ ተሰጥቶታል? በአስተያየት መስጫው ጻፉልኝ። ቸር እንሰንብት።